የክት ልብስ በቲሸርት ሀገር

ቢያንስ በሳምንት አንዴ ቴሌግራሜ ላይ የምትገባ አንዲት ጥያቄ አለች። ጠያቂው ይለያያል። አንዳንዴ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ አንዳንዴ ዘንድሮ የተመረቀች የሰፈራችን ልጅ ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ ስልኬን ከማን እንዳገኘ የማላውቀው ሰው ነው። ስለ አልጎሪዝም አይጠይቁኝም። ስለ ደመወዝም አይደለም። «ሰላም፣ ነገ ኢንተርቪው አለኝ። ምን ልልበስ?»

አንዳንድ ሲኒየር ዴቨሎፐሮች በዚህች ጥያቄ ይስቃሉ። «ኧረ ኮድህን አሳምር፣ ልብስህን ማን ያየዋል!» ይላሉ። እኔ አልስቅም። ሥራው ባንክ ቤት ቢሆን መልሱን የልጁ እናትም ታውቀዋለች፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። ትምህርት ቤትም፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትም እንደዚያው ነው። ቴክ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ይደናገራል፤ ምክንያቱም ቴክ «እንደፈለግሽ ልበሺ» የተባለበት ቤት ነው። «እንደፈለግሽ» ደግሞ ሁሌም ከጀርባው ሌላ ነገር አለው። ሰው ቤት ሄደሽ «እንደ ቤትሽ ተጫወቺ» ሲሉሽ እግርሽን ሶፋው ላይ አትሰቅይም አይደል?

እኛ ቤት ልብስ ሁለት ዓይነት ነበር፦ የክት እና የዘወትር። የዘወትሩ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፣ በመጨረሻ የወለል መወልወያ ይሆናል። የክቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተሸፍኖ ፋሲካን ይጠብቃል። ከሠርግ ወይም ከምርቃት ስንመለስ ገና በሩን ሳናልፍ «ቶሎ ቀይሩ!» የሚለው የእናታችን ድምፅ ይቀበለን ነበር።

ልጅ ሆኜ የክት ልብስ የማማር ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። ክት ለምትሄጂበት ቤት የምትሰጪው አክብሮት ነው፤ «ያለኝን ምርጡን ለብሼ መጣሁላችሁ» ማለት ነው። ደግሞም መከላከያ ነው። ቤትሽ ጣሪያው ቢያፈስም፣ ምሳ ሳትበዪ ብትወጪም፣ የክት ልብስ ከለበስሽ ማንም አያውቅብሽም። ጥሩ ልብስ ገዝቶ የሚያስቀምጠው ሀብታም ብቻ አይደለም። ድሃ መስሎ መታየት የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነው አጥብቆ የሚያስቀምጠው።

እንግዲህ ቴክ የሚሉት ቤት ይህንን ሁሉ ገልብጦ ጠበቀን። እዚያ ክቱ ዘወትር ነው። አሳምረሽ ከመጣሽ «ቦታውን አታውቀውም» ትባያለሽ።

*

የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ በ2010 ዓ.ም. አንድ ባንክ የአይቲ ክፍል ውስጥ ነበር። ኮት አልነበረኝም። መርካቶ ዞሬ ዞሬ ያየሁት ሙሉ ልብስ ሁሉ ከአቅሜ በላይ ነበር፤ ሳልባጅ የሚሸጡት ጋ ያገኘሁት ደግሞ ትከሻው ለእኔ የተሰፋ አይደለም። መፍትሔው ከአክስቴ ልጅ መጣ። እሷ ሌላ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ ባንኩ በየጊዜው ዩኒፎርም ያሰፋላቸዋል። አሮጌውን ኮቷን ሰጠችኝ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አዝራሮቹ የባንኩ ቀለም ናቸው። ሳሪስ ያለ ልብስ ሰፊ ጥቁር አዝራር ቀየረልኝ፤ ደረቱ ላይ ባጅ ይሰካበት የነበረችውን ቀዳዳም በክር ዘጋት። ቀረብ ብሎ ካላየ በቀር ማንም አያውቅም።

አምስት ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አምስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ስለ ኖርማላይዜሽን ጠየቁኝ፣ የኤስኪውኤል ጆይን ዓይነቶችን ዘረዘርኩ፣ ሲስተሙ ሌሊት ቢወድቅ ምን እንደማደርግ አስረዳሁ። አልፌ ገባሁ። በመጀመሪያ ደመወዜ የራሴን ኮት ገዛሁና የአክስቴን ልጅ ኮት ላውንድሪ አስጥቤ መለስኩላት። እሷም ለሌላ የአጎት ልጅ አስተላለፈችው። እስካሁን ባለኝ መረጃ ያ ኮት ሦስት ሰው ሥራ አስገብቷል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ ሁለት አካባቢ ካለ አንድ ስታርታፕ ተጠራሁ። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከባንኩ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ በታክሲ በረርኩ። የለበስኩት የሥራ ልብሴን ነው፤ ኮት፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ዝቅ ያለ ታኮ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ አንደኛው ሁዲ፣ አንደኛው የኮንፈረንስ ቲሸርት፣ ሦስተኛው ነጠላ ጫማ አድርገው ጠበቁኝ። «ዋው፣ ልታበድሪን ነው የመጣሽው?» አለ አንዱ። ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ፤ ምን ይደረጋል።

ነጭ ሰሌዳው ላይ ሊንክድ ሊስት እንድገለብጥ አዘዙኝ። ገለበጥኩ። የተጠየቅኩትን በሙሉ ሠራሁ። ከሳምንት በኋላ የመጣው ኢሜይል ላይ ቴክኒካል ችሎታዬ ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን «ካልቸር ፊት» ላይ እንዳልተግባቡ ተጽፎ ነበር። በመሃል የሚያውቀኝ ሰው ቆይቶ ቃሉን ተረጎመልኝ፤ «በጣም ኮርፖሬት ናት ብለው ነው።» ከእነሱ ጋር የነበረኝ ጊዜ በጠቅላላው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ከኮዴ ሌላ ያዩት ነገር ቢኖር ኮቴን ነው።

*

ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ የኮምፒውተር ሥራ የተጀመረው በከረባት ነው። አይቢኤም ለአሥርተ ዓመታት የሚታወቀው ጠቆር ባለ ሙሉ ልብስና በነጭ ሸሚዝ ነበር። እ.አ.አ. በ1993 ኩባንያውን ሊመራ የገባው ሉ ገርስትነር በማስታወሻ መጽሐፉ የዚህን ምክንያት ያብራራል። መሥራች የሚባለው ቶማስ ዋትሰን ያን ደንብ ያወጣው ደንበኛን ለማክበር ነበር፤ ደንበኞቹ ሙሉ ልብስ ስለሚለብሱ ሻጮቹም እንደ ደንበኛው እንዲለብሱ። ዓመታት አለፉ፣ ደንበኞቹ አለባበሳቸውን ቀየሩ፣ የአይቢኤም ሰዎች ግን በነጭ ሸሚዝ ቀሩ። ምክንያቱ ተረስቶ ደንቡ ብቻ ተረፈ። ገርስትነር በ1995 ደንቡን አነሳው።

የስቲቭ ጆብስ ጥቁር ሹራብ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ዋልተር አይዛክሰን በ2011 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደተጻፈው፣ ጆብስ በ1980ዎቹ ጃፓን ሄዶ የሶኒ ሠራተኞች ሁሉ ዩኒፎርም ለብሰው ያያል። ለምን ብሎ አኪዮ ሞሪታን ይጠይቀዋል። ሞሪታ እንደማፈር ብሎ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሰው የሚለብሰው ስላልነበረው ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የዕለት ልብስ መስጠት ነበረባቸው አለው። ጆብስ ሐሳቡን ወደደው። ለአፕል ሠራተኞችም ዩኒፎርም ላሠራ ሲል ጮኸው ተቃወሙት፤ ያኔ የሶኒን ዩኒፎርም የነደፈውን ኢሴይ ሚያኬን ለራሱ ብቻ ጥቁር ሹራቦች እንዲሠራለት ጠየቀው። ወደ መቶ ገደማ ሠራለት።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ኮት ነው ትዝ ያለኝ። የዓለም ቴክ ሰው ሁሉ የሚኮርጀው ያ «ስለ ልብስ ግድ የለኝም» የሚል መልክ ሥሩ ሲቆፈር፣ የሚለብሰው ያጣ ሕዝብና ልብስ የሚሰጥ አሠሪ ነው የሚገኘው። ልክ እንደኛ። ልዩነቱ ጆብስ መቶ አለው፤ እኛ አንዷን ለሦስት ተካፈልናት።

ማርክ ዙከርበርግም አለ። በግንቦት 2012 ፌስቡክን ለአክሲዮን ገበያ ሊያቀርብ ኒው ዮርክ የዎል ስትሪት ባለሀብቶች ፊት በሁዲ ቀረበ። ገንዘባቸውን ሊሰጡት የተሰለፉት እነሱ ናቸው፤ እሱ ምን አስጨነቀው? በሚያዝያ 2018 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ሰው የግል መረጃ ሊጠይቀው ሲጠራው ሙሉ ልብስና ከረባት አድርጎ ሄደ። ሳም ባንክማን-ፍሪድም እንደዚያው ነው። በሚያዝያ 2022 ባሃማስ ላይ ከቢል ክሊንተንና ከቶኒ ብሌር ጋር መድረክ ላይ ሲቀመጥ ቁምጣና ቲሸርት ለብሶ ነበር። በ2023 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፀጉሩን ተከርክሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር።

ይህንን ለመረዳት እኛ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ አንድ ቃል አለን። ደጅ መጥናት። ደጅህ የሚጠና ከሆነ በቲሸርት ትቀመጣለህ። ደጅ የምትጠና ከሆነ ኮት ትለብሳለህ። ሁዲ የነፃነት ልብስ ሆኖ የሚታየው ለባሹ ቀድሞ ስለታመነ ነው። ያንኑ ሁዲ ከወልቂጤ ወይም ከደሴ ለመጣ፣ ሲቪው ላይ የሥራ ልምድ ለሌለው ልጅ አልብሱት፤ የሕንፃው ጥበቃ ራሱ «ወዴት ነው?» ብሎ ያስቆመዋል። በኮት ሲመጣ ደግሞ ፎቅ ላይ ይሳቅበታል። እና ይህ ልጅ ማታ ቴሌግራም ላይ «ምን ልልበስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ቀላል ጥያቄ ነው እንዴት እላለሁ?

ሴት ስትሆኚ ደግሞ ሌላ አለ። ኮትና ታኮ አድርጌ የሶፍትዌር ድርጅት ስገባ በተደጋጋሚ የተጠየቅኩት «ለኤችአር ነው ለሪሴፕሽን?» የሚል ነው። በጂንስና በስኒከር ስገባ «ተማሪ ነሽ? ለኢንተርንሺፕ ነው?» ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በደንብ ተኳኩላ ከመጣች ኮድ ሪቪው ላይ የሚቀርብላት ጥያቄ እንደሚበዛ ነግራኛለች፤ እሷ መኳኳል ትወዳለች፣ አልተወችም። ወንዶቹ «እንደፈለግሽ» ሲሉ እነሱ የሚመርጡት ከሁለት ቲሸርት አንዱን ነው። እኛ የምንመርጠው በየትኛው መንገድ መሳሳት እንዲሻለን ነው።

*

እሺ፣ ፍልስፍናው ይብቃ። ነገ ኢንተርቪው ላለበት ሰው እኔ የምለው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ጠይቁ። ቀጠሮውን ለነገረቻችሁ ልጅ «የቢሯችሁ አለባበስ ምን ይመስላል?» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነውር አይደለም። መልስ ካላገኛችሁ የድርጅቱን ፎቶዎች ሊንክድኢን ወይም ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ እዩ። የምርቃትና የስብሰባ ፎቶ አትመኑ፤ እዚያ ሁሉም ክቱን ነው የሚለብሰው። ቅርብ ከሆናችሁ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በበሩ እለፉ። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የለበሰው ነው እውነተኛው።

ሁለተኛ፣ ቴክ አንድ ቤት አይደለም። ባንክ፣ ኢንሹራንስ እና የመንግሥት ተቋም የአይቲ ክፍል ከሆነ ኮት ልበሱ፤ ወንዶች ከረባት ብታደርጉ አይበዛም። ትልልቅ ኩባንያዎች ጋ የተተኮሰ ሸሚዝና የጨርቅ ሱሪ ይበቃል። ስታርታፕ ከሆነ ያልተቀደደ ጂንስ፣ ኮሌታ ያለው ንጹሕ ሸሚዝ ወይም ቀለል ያለ ሹራብ። ኮት ብቻ ካላችሁም ጭንቀት የለም። ከረባቱን ተዉት፣ ከውስጥ ቲሸርት አድርጉ፣ ክፍሉን አይታችሁ ኮቱን ወንበር ላይ አንጠልጥሉት። የዋትሰን የመጀመሪያ ሐሳብ አሁንም ይሠራል፤ የምትሠሩለትን ሰው ምሰሉ፣ ትንሽ ብቻ ጸዳ በሉ።

ሦስተኛ፣ ልብሱን ቀድማችሁ ልበሱት። እጃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ነጭ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ብብቱ የሚይዝ ኮት ሃሳባችሁን ይሰርቃል። ቁጭ በሉበት። የእጅጌው ጫፍ ላይ የፋብሪካው ምልክት ተሰፍቶ ካለ ፍቱት፤ እሱ ለሱቁ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ክረምት ከሆነ ጫማችሁን ቤት አታስወልውሉ። ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ጭቃ ረግጣችሁ፣ ሕንፃው አጠገብ ስትደርሱ ሊስትሮ ፈልጉ። ያቺ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ትንፋሽንም ትመልሳለች።

አራተኛ፣ በዙም ከሆነ ልብሱን ሳይሆን ብርሃኑን አስቀድሙ። መስኮት ከኋላችሁ ካለ ካሜራው ለመስኮቱ ብርሃን ብሎ ፊታችሁን ያጨልመዋል፤ ዞራችሁ መስኮቱን ፊት ለፊት ተቀመጡ። በጣም ነጭ ሸሚዝም ርካሽ ካሜራ ላይ እንደዚያው ያደርጋል። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል። አንድ ወጥ ቀለም፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ይበቃል። ከኋላችሁ የእናታችሁ ቡፌና ብርጭቆዎቿ ቢታዩ ምንም አይደለም፤ የሰው ቤት ነው።

አምስተኛ፣ ለአንድ ኢንተርቪው ብላችሁ አትበደሩ። የታጠበና የተተኮሰ አሮጌ ሸሚዝ ዕዳ ካለበት አዲስ ኮት ይሻላል። መዋስ ግን ሌላ ነው። መዋስ ባህላችን ነው።

*

አሁን ወንበር ቀይሬያለሁ፤ ጠያቂ ሆኛለሁ። ባለፈው ዓመት ለጁኒየር ዴቨሎፐርነት ያመለከተ አንድ ልጅ ከደብረ ማርቆስ በሌሊት ተነስቶ መጣ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ቀይ ከረባት፣ እጅጌው ላይ ያልተፈታ የፋብሪካ ምልክት። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስታችንም ስኒከር አድርገናል። ልጁ ሲያየን ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ አየሁት። ወዲያው ከረባቱን በእጁ ያዘ፤ አላወለቀውም፣ ዝም ብሎ ያዘው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች እንደያዘው ነው የመለሰው።

ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካ አደረገኝ። ልጁ ሲወጣ «እንዴት ቀብራራ ነው ባክሽ» አለ ፈገግ ብሎ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ነው። «ይህ ልጅ ቀብራራ ሳይሆን የክቱን ነው የለበሰው። ለእኛ ብሎ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ልጁ ሥራውን አላገኘም፤ ከእሱ በፈተናው የበለጠች ልጅ ነበረች፣ እሷን ወሰድን። ውሳኔው ትክክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን ለሁለቱ እኩል አልቀረቡም። እሷ አዲስ አበባ ተምራለች፣ ወንድሟ ስታርታፕ ይሠራል፣ ምን እንደሚለበስ ታውቃለች። እሱ በአንድ እጁ ከረባት ይዞ ነው የተፈተነው።

ከዚያ በኋላ የኢንተርቪው ጥሪ ኢሜይላችን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር አልኩ። ትንሽ ተከራከርን። «ይህንንም እኛ እንንገራቸው? አጣርቶ መምጣት የፈተናው አካል ነው» ያለ ነበር። እኔ ያልኩት አጭር ነው፦ እኛ የምንፈትነው ኮድ መጻፍ ነው ወይስ ወንድም መኖሩን? ዓረፍተ ነገሩ ገባ። እንዲህ ይላል፦ «ቢሯችን ውስጥ ብዙዎቻችን ጂንስና ቲሸርት እንለብሳለን፤ እርስዎ የሚመችዎትን ለብሰው ይምጡ፣ አለባበስ ነጥብ የለውም።» ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲታይ የማይረባ ነገር ይመስላል። ወጪው ዜሮ ብር ነው።

ኢሜይሉ ከተላከላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል አንዷ በጥቁር ኮትና በነጭ ሸሚዝ መጣች። ኢሜይሉ አልደረሳት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ውሃ ስቀዳላት ገብቷት ነው መሰለኝ፣ «አይ፣ አንብቤዋለሁ» አለችኝ እየሳቀች። «የሚመችሽን ልበሺ ስላላችሁ ነው። በኮት ነው የሚመቸኝ።» እጇ ላይ ማርከር እንጂ ሌላ የያዘችው ነገር አልነበረም። ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ ከእኛ ጋር ስትከራከር ቆየች።